ከበቅሎ የማይወርዱት ደጃዝማች

ማንም ከመታየቱ በፊት ጩኸቱ ደረሰ። ከመንገዱ ጥምዝ ማዶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ የሚመጣ፣ ግማሹ የሰው ግማሹ የቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ነበር።

«ሄሎ! ሄሎ! መሞከሪያ! የተከበራችሁ የሀብሩ ነዋሪዎች! ዛሬ መርሳ ላይ በሚከበረው የእግር ጤና ቀን የክብር እንግዳችን ደጃዝማች አበባው የአንድ ሕመምተኛ እግር በገዛ እጃቸው ያጥባሉ! ከበቅሏቸው ወርደው፣ ተንበርክከው! ይኼን ያላየ ምን አየ!»

ከጥምዙ ወዲህ፣ ከሲሪንቃ ወደ መርሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አበባው ልጓሙን ሳበ። በቅሎዋ ሐመሬ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አልማዝ፣» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «ምን አለ ያ ሰውዬ?»

ሚስቱ አልማዝ ከበቅሎዋ ጭራ ኋላ በእግሯ ትከተል ነበር፤ ስንቁን በጀርባዋ አዝላ፣ ቢጫ ጀሪካን በእጇ አንጠልጥላ።

«ወርደህ እግር ታጥባለህ አለ።»

«ሪቫን ይቆርጣሉ ነው እኮ ያሉኝ! ኮርቻዬ ላይ ሆኜ፣ በመቀስ!»

«እንግዲህ ሪቫኑ ረዝሞ እግር ድረስ ወርዷላ።»

በፕላስቲክ አበባ ያጌጠች ባጃጅ ከጥምዙ ብቅ አለች። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ አበባውን ሲያይ ግማሽ አካሉን አውጥቶ እጅ ነሣ። ሾፌሩም ባርኔጣውን ላንሣ ብሎ መሪውን ቢለቅ፣ ባጃጅዋ ቦይ ከመግባት ለጥቂት ተረፈች። አበባው እንደ ልማዱ ከበርኖሱ ውስጥ አንድ ጣት ብቻ አውጥቶ ሰላምታቸውን መለሰ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነበር። ደጃዝማች የሚባል ሹመት ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ እረኛው በስልኩ ገንዘብ የሚልክበት ዘመን። ታዲያ አበባውን ማን ሾመው ቢሉ፣ አገሩ ሾመው። ያውም በስሕተት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአበባው ግራ እግር ከጉልበቱ በታች አብጧል። ሰው በሹክሹክታ «ዝሆኔ» የሚለው፣ «እነ እገሌ ዘራቸው ነው» አሰኝቶ ከጋብቻ የሚያስወጣው ያ እብጠት ነው። የጀመረው ሰሞን እግሩን በጨርቅ ጠቀለለ፤ በጨርቁ ላይ ትልቅ የጎማ ቦት አጠለቀ፤ በሁሉም ላይ የአባቱን ጥቁር በርኖስ ደረበና በቅሎ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው ባለበት ወርዶ አያውቅም።

መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ደርሶ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሲመለስ፣ አንዲት አሮጊት «ባላምባራስ ሆኖልን መጣ!» ብላ አሽሟጠጠች። ሽሙጡ እዚያው ጸደቀ። የቀበሌውን ሊቀመንበር በቢሮው መስኮት በኩል ከበቅሎ ላይ ያናገረው ጊዜ ግራዝማች ሆነ፤ ሊቀመንበሩ ሳያስበው ከወንበሩ ተነሥቶለት ነበርና። ሠርግ ቤት ዳስ በር ላይ ቆሞ ሥጋውን ከኮርቻው ላይ የቆረጠ ዕለት ቀኛዝማች አሉት። ቅሬው፣ ቀባሪና ረዳት የሆነው የአገሩ ማኅበር፣ «አንገታችንን አንጋጠን ሞትን» ብሎ ስብሰባውን ወደ ጉብታው ላይ ባዛወረ ጊዜ ደግሞ ፊታውራሪ ሆነ። ጦርነቱ የደረሰ ሰሞንማ፣ አገር ሁሉ እየሮጠ ሲሸሽ እሱ ሐመሬን ቀስ እያስረገጠ ሸሸ። ሶምሶማው እግሩን ያሳምመው ነበር። «ጥይት የናቀ!» ተባለና ደጃዝማችነቱ ጸና።

ቤተ ክርስቲያን ግን ጫማ ሳይወልቅ አይገባም። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዘመን የሚሳለመው ከቅጽሩ ውጭ፣ ከበቅሎው ላይ ሆኖ ነበር። ሰው «የስለት ነገር ይሆናል» ይላል። እሱ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ በር ላይ ጫማውን እየፈላለገ፣ እየተሳሳቀ ሲወጣ ማየት አይሆንለትም፤ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል።

ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ አልማዝ ናት፤ ጎህ ሳይቀድ በሩን ዘግታ እግሩን የምታጥበው፣ ጨርቁን የምትቀቅለው፣ ቦቱ እምቢ ሲል ከኋላው ተርትራ በማዳበሪያ ክር የምትሰፋው። ሁለተኛዋ ሐመሬ ናት።

«እንመለስ፣» አለ አበባው።

«አማችህስ?»

«እሱን እኮ ነው የምፈራው!»

አማች የተባለው የግራናው አቶ አራጋው ነው። ልጁ ፍፁም የአበባውን ልጅ ሂሩትን ሊያገባ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። አራጋው በየገበያው «ከደጃዝማች ቤት ነው የምንጋባው» ሲል ከርሞ፣ በቅርቡ አረማመዱም መለወጥ ጀምሮ ነበር። ያን እግር ቢያይ የሚሆነውን አበባው ያውቀዋል። መጀመሪያ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌው «ልጁ ገና ነው፣ ትምህርቱን ይጨርስ» ይላል። ከዚያ ሌላ ሰው ሂሩትን አይጠይቅም። ሂሩትም ወልድያ ላይ ሆና ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ታለቅሳለች።

«ከቀረህ ‹የድሀ እግር ተጸይፎ ቀረ› ይሉሃል፣» አለች አልማዝ። «ከሄድህ ደግሞ ትወርዳለህ። ወገቤን አሞኛል በላቸው።»

«ደጃዝማች ወገቡን አይታመምም!»

«እግሩንስ?»

አበባው ሐመሬን ኮለኮላት።

መርሳ ላይ፣ ከገበያው ጎን፣ ሸራ ተወጥሮ ነበር። ከሸራው ሥር አንድ ወንበር፣ አንድ ሰማያዊ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ፎጣና ቫዝሊን ተሰናድቷል። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ የእግር ጤና ጉዳይ አሳስቦት ግን አይደለም። ደጃዝማች ሲወርዱ ለማየት ነው። አንዳንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ስልኩን ደግኗል።

ቀኑን ያሰናዳችው ነርስ ሲስተር ቶይባ እየሮጠች መጥታ የሐመሬን ልጓም ያዘች።

«ደጃዝማች፣ ጉድ ሆንን!» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚታጠበው ሰውዬ ጠፋ። ይኼን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ጊዜ ወደ ውርጌሳ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ እብስ አለ። ስንት ቀን ለምኜው ነበር እኮ፣ ወላሂ!»

«ተመስገን!» አለ አበባው። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ... በሰላም ከተሳፈረ፣ ተመስገን ነው። በሉ እንግዲህ መርቄ ልመለስ።»

«የለም፣ የለም፣ ሌላ ይገኛል። እዚህ ከቆመው ውስጥ ስንቱ አለበት መሰለዎት!»

ሼህ አብዱልሐሊም ዱዓ አደረጉ። «ያረቢ፣ ያበጠውን አጉድልልን፣ የጎደለውን ሙላልን!» እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን!» አለ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ ያለው አበባው ነበር። ከዚያ ቶይባ ማይኩን ጨበጠች።

«ወገኖቼ! ይኼ ሕመም እርግማን አይደለም። የሰው ዓይንም አይደለም። ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ ኖሮ የሚያመጣው ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጫማ ማድረግ ነው። እስቲ ያለበት ሰው አንድ እንኳ ይምጣ፤ ደጃዝማች ያጥቡታል!»

ሰው ሁሉ አጠገቡ የቆመውን ሰው እግር ተመለከተ።

«መርሳ ላይ እንኳ ይኼ የለም፣» አለ አንዱ ከመካከል። «የሲሪንቃ ነው።»

«ሲሪንቃ? ወሬ! የውርጌሳ ነው እንጂ!»

«እኛ ውርጌሳዎች ምን በወጣን! ግራና ሄዳችሁ ጠይቁ!» አለ ፊቱ ቀላ ያለ ሰውዬ።

አቶ አራጋው ከፊት ወንበር ላይ ብድግ አለ። «ግራና? ከግራና አንድ ሰው ጥራ! ስሙን ጥራ! እንዲህ ያለ ነገር ካለ ወልድያ ነው ያለው፤ ከተማ ስለሆነ ሁሉ አይጠፋም!»

በሽታው በዚህ ሁኔታ አገሩን ዞሮ ወልድያ ደረሰ። ከወልድያ የመጣ ሰው ባለመኖሩም እዚያው ቀረ።

አበባው ኮርቻው ላይ ተዝናና። እግሩ እንኳ ቀለለው መሰለው። ቶይባ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ማጉያው እንደ ተወጋ ከርከሮ ጮኸ።

ሐመሬ ጦርነት አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ግን አልሰማችም። በኋላ እግሯ ቆመች፤ ከዚያ ሸራውን መዞር ያዘች። አንድ ጊዜ ዞረች፤ ሕዝቡ «እሰይ ደጃዝማች!» አለ፣ ጉግስ መስሎት። ሁለተኛ ዞረች፤ በርኖሱ እንደ ጥንብ አንሣ ክንፍ ተዘረጋ። ሦስተኛው ላይ ሐመሬ ድንገት ቆመች። አበባው ግን አልቆመም።

ያረፈው ከአቶ አራጋው ወንበር ፊት ነው። በርኖሱ ሳፋው ውስጥ ገብቷል። ቦቱ እርካቡ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ያ በጨርቅ የተጠቀለለ እግር በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ ፊት ተጋድሟል።

አልማዝ ዓይኗን ጨፈነች። ቶይባ እግሩን አየችና ገባት፤ ማይኩን አጥፍታ ወደ ኋላዋ ደበቀችው። አቶ አራጋው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ ቀና አለ፤ ደግሞ ጎንበስ አለ። የአበባው ልብ የሂሩትን ስም እየጠራ ይመታ ጀመር።

«አበጠ!» ብሎ ጮኸ አራጋው። «ወይኔ አማቼ! ዓይኔ እያየ አበጠ!»

ሕዝቡ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ይቺ እርኩስ በቅሎ!»

«እኔ ሲያብጥ አይቻለሁ፣ ገና አየር ላይ እያሉ ነው የጀመረው!»

«ጨርቁስ?» አለ አንድ ሞኝ።

«ጨርቁማ የክብር ነው! ድሮ መኳንንት እግራቸውን አይጠቀልሉም ነበር? ያልተማርህ!»

አበባው ተጋድሞ ይህን ሁሉ ሰማ። የወሎ ሰው እንግዳውን አያሳፍርም፤ እሱ እንኳ ያላሰበውን ውሸት አገሩ አሰናድቶ አቀረበለት። ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቃሰት። በቃሬዛ ይወስዱታል፣ እስከ ፋሲካ ይተኛል፣ ልጁ ትዳራለች።

«አዎ...» አለ እየቃተተ። «ወደቅሁና... አበጠ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ!» አለ አራጋው። «ወለምታ ሳይበርድ ነው! ወጌሻ ጥሩ!»

ይኼን አበባው አላሰበውም ነበር። ወጌሻው ዓሪፍ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ የተሰበረ በሬ ያነሣል የሚባልለት፣ አንገቱና ትከሻው የማይለይ ሰው ነው። እጅጌውን እየጠቀለለ መጣ።

«አትንኩት!» አለች አልማዝ።

«አይዞዎት ወይዘሮ አልማዝ፣» አላት አራጋው፣ «አንድ ጊዜ ነው የሚያመው። በሉ ያዙልኝ!»

አራት ጎልማሶች ትከሻና ክንዱን ያዙ። ዓሪፍ «ቢስሚላህ» ብሎ በጨርቁ ላይ በሁለት እጁ ዳሰሰ። ግንባሩ ተቋጠረ።

«ቁርጭምጭሚታቸው የለም።»

«የት ይሄዳል?» አለ አራጋው ደንግጦ።

«ከድንጋጤው ብዛት ወደ ላይ ሸሽቷል። እጎትተዋለሁ።»

ጎተተ። ከአበባው ጉሮሮ የወጣው ድምፅ ከማጉያው ባሰ፤ ሐመሬ ሳይቀር ጆሮዋን ጣለች።

«መጥቷል!» አለ ዓሪፍ ላቡን እየጠረገ። «ግማሽ መንገድ መጥቷል። አንድ ጊዜ ልድገመው።»

«አይደገምም!»

«ደጃዝማች፣ ይቻሉት። ጀግና አይደሉም?»

ዓሪፍ ተረከዙን ጨብጦ አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ ተከለ።

«ተው! ተው በፈጠረህ! የዛሬ አይደለም!» ብሎ አበባው ጮኸ። «የአሥር ዓመት ነው! በሽታው ነው! ያ... የሲሪንቃ የምትሉት፣ የውርጌሳ የምትሉት፣ እሱ ነው! እኔ ላይ ነው ያለው!»

የያዙት እጆች አንድ በአንድ ለቀቁት። ዓሪፍ እግሩን ቀስ አድርጎ እንደ እንቁላል መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ታዲያ አስቀድመው አይናገሩም፣» አለ ቅር ብሎት። «ወገቤን እኮ ነው የጎዱት።»

የሳቀ ሰው የለም። አቶ አራጋው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። አበባው ፊቱን ማየት አልደፈረም።

«ከበቅሎ የማይወርዱት... በኩራት አልነበረም?» አለ አራጋው።

«በእግሬ ነው።»

«ጥይት የናቁትስ?»

«ሶምሶማው እያመመኝ ነው።»

አራጋው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ለስንት ሰው ነገርሁ! የወለዱኝ ያህል ነው እኮ የኮራሁት!» ከዚያ ወደ ቶይባ ዞረ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጃቸውን ለልጄ ልወስድ ነው። ይኼ ነገር ይከተለኛል?»

«የሚያመጣው ባዶ እግር ነው፣ አቶ አራጋው። ልጅትዋ ጫማ ታደርጋለች?»

የመለሰችው አልማዝ ናት። «ገና ስትድህ ገዝቶላታል። ምንጭ ድረስ እንኳ በባዶ እግሯ አላስረገጣትም። ሰው ‹የባላባት ልጅ› እያለ ሲስቅባት ነው ያደገችው።»

«ጫማ አድርጋ ካደገች፣ እንዲህ አድርጎ የሚይዛት ነገር የለም፣» አለች ቶይባ።

አራጋው የአበባውን እግር ትቶ የራሱን ጫማ ይመለከት ጀመር። ሼህ አብዱልሐሊም ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«አራጋው፣ ሰው ይጠብቅሃል። ጋብቻውን ምን አልህ?»

«ጋብቻው ምን ሆነ?» አለ አራጋው ብልጭ ብሎ። «ጌሾው ተወቅጧል! ልጄ የሚያገባው ሂሩትን ነው፣ እግር አይደለም። የረገጥነው እንደሆን አንድ አፈር ነው፤ ማን ማንን ይንቃል?» ወደ አበባው ጎንበስ አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። እስከ ሠርጉ ድረስ ደጃዝማች እንበልዎት። የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል።»

አበባው መሳቅም ማልቀስም አቃተው፤ ሁለቱንም አደረገ።

ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። በርኖሱን ከሳፋው አውጥተው ሌላ ውኃ ሞሉበት። ቶይባ ጨርቁን ፈታች፤ ከፊት የቆመው ሕዝብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። አበባው እግሩን ፀሐይ ሲነካው ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ ረስቶት ኖሮ፣ ጣቶቹን ውኃው ውስጥ እንደ ሕፃን አንቀሳቀሳቸው። ቶይባ በየጣቱ መካከል በሳሙና እያሸች «እንዲህ ነው፣ እንዲህ ይደርቃል፣ እንዲህ ይቀባል» እያለች አስረዳች። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ እግር መሆኑን፣ ቁስል አለመያዙም እንዳስገረማት በማይኩ ተናገረች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

መጀመሪያ ጫማውን ማውለቅ የጀመረው «እኛ ውርጌሳዎች ምን በወጣን» ያለው ያ ቀላ ያለ ሰውዬ ነበር። ማንንም ሳያይ፣ ፊቱ ከቀድሞውም በላይ ቀልቶ፣ ከአበባው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ከዚያ አባትና ልጅ። ቶይባ «ሳፋ! ሳፋ አምጡ!» እያለች ወደ ሻይ ቤቶቹ ላከች። አቶ አራጋው ራሱ ከአንዷ ሻይ ቤት ብርጭቆ የሚታጠብበትን ሳፋ ነጥቆ መጣ፤ ባለቤቷ እየተራገመች ከኋላው ነበረች።

«ደጃዝማች ይናገሩ!» አለ ሕዝቡ። «ንግግር! ንግግር!»

ማይኩ እጁ ላይ ገባ። አበባው ንግግር ይወድዳል፤ አሥር ዓመት ከከፍታ ላይ ሲናገር ኖሯል። ቫዝሊን የተቀባው እግሩ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሕዝቡን ተመለከተ። አልማዝ ከሸራው ምሰሶ ሥር ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች። ደስ አለው፤ እሷም የምትሰማው ንግግር ነው።

«የአገሬ ሰዎች!» አለ። «ይኼን እግር አሥር ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተሸከምሁት! ማንም ሳያውቅልኝ፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ ብቻዬን!»

«አይዞዎት!» አለ ሕዝቡ። አሮጊቶች ከንፈር መጠጡ።

«ዛሬ ግን ምስጋና አለብኝ። ሲስተር ቶይባን አመሰግናለሁ። ሼህ አብዱልሐሊምን አመሰግናለሁ። አማቼን አቶ አራጋውን አመሰግናለሁ። ወጌሻ ዓሪፍን... ይቅር ብዬዋለሁ!»

ሳቅ ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ። አበባው ሞቀው።

«ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ባለውለታ አለችኝ! በብርድ በሐሩር ያልተለየችኝ፣ ምስጢሬን ይዛ ለሰው ትንፍሽ ያላለች! ያለ እሷ ዛሬ ሰው አልባልም ነበር!» ማይኩን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ጣቱን ዘረጋ። «ሐመሬ ናት! ይቺ በቅሎዬ ናት!»

ሕዝቡ እልል አለ። አንዱ ሮጦ የሐመሬን አንገት አቀፈ።

አልማዝ ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አራግፋ አጣፋች። ስንቁን ከጀርባዋ አውርዳ ከጀሪካኑ ጎን አኖረች፤ ከዚያ በሕዝቡ መካከል እየተሹለከለከች ወደ አስፋልቱ አመራች።

«አልማዝ?» አለ አበባው። ማይኩ አፉ ላይ ስለነበር ስሟ ገበያውን ሁሉ አዳረሰ፤ ከማዶ ተራራ ተመልሶም መጣ። «አልማዝ! ወዴት ነው?»

ከወልድያ የሚመጣ አይሱዙ ቆሞ አሳለፋት። ተሻገረች፤ ወደ ቤትም በማይወስደው፣ ወደ አማቻቸው አገር ወደ ግራናም በማይወስደው መንገድ ሄደች።